ተክል ማታ ምን ይበላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ብርሃን አስተፃምሮና ስለ ትንፈሳ

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ተክሎች ቀን ብርሃን አስተፃምሮ፣ ማታ ደግሞ ትንፈሳ ያካሂዳሉ ብዬ ነበር የያዝኩት። ፈተና ላይ ግን «ተክል ቀንም ይተነፍሳል» የሚለው ትክክል ተባለ። የቱን ልያዝ? ደግሞስ ጉልበቱን ከፀሐይ የሚያገኝ ተክል ትንፈሳ ምን ያደርግለታል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ፈተናው ልክ ነው። በሕይወት ያለ ህዋስ ሁሉ፣ የሰውም ይሁን የጤፍ፣ ቀን ከሌት ይተነፍሳል፤ ማለትም ስኳርን በኦክስጅን አቃጥሎ ጉልበት ያወጣል። ብርሃን አስተፃምሮ፣ ማለትም በብርሃን ስኳር መሥራት፣ ግን የሚካሄደው በአረንጓዴው ክፍል ብቻ፣ እሱም ብርሃን ሲኖር ነው። ግራ የሚያጋባው ከውጭ የሚታየው ነገር ነው። በጠራራ ፀሐይ አንድ ጤነኛ ቅጠል የሚሠራው ስኳር በትንፈሳ ከሚያቃጥለው ከ10 እጥፍ በላይ ሊሆን ስለሚችል ትንፈሳው ይሸፈናል፤ ሲለካ የሚገኘው የሚወጣው ኦክስጅን ብቻ ይሆናል። ሲመሽ ስኳር መሥራቱ ይቆምና ትንፈሳው ብቻውን ይቀራል። ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት አጭር ጊዜም አለ፤ ያኔ ቅጠሉ ከአየሩ ጋር ሲታይ አይሰጥም፣ አይቀበልም።

ሒሳቡን በግራም እንየው። ተክሉ 264 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 108 ግራም ውሃ ወስዶ፣ በብርሃን ጉልበት ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር 180 ግራም ይሠራል፤ 192 ግራም ኦክስጅን ይለቃል። ግራና ቀኙን ብትደምር 372 ግራም ነው፤ የጠፋ ነገር የለም። በዚያ 180 ግራም ግሉኮስ ውስጥ 2,870 ኪሎ ጁል ገደማ የፀሐይ ጉልበት ታስሮ ተቀምጧል። ትንፈሳ ይህንኑ ሒሳብ ወደ ኋላ ያስኬደዋል፦ ግሉኮስና ኦክስጅን ገብተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ጉልበት ይወጣሉ። መንገዱ ግን አንድ አይደለም። ብርሃን አስተፃምሮ የሚካሄደው ክሎሮፕላስት በሚባለው የህዋሱ አረንጓዴ ክፍል ውስጥ ነው፤ ትንፈሳው በህዋሱ ፈሳሽ ክፍል ይጀምርና አብዛኛው ሥራ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የህዋሱ ጉልበት ማውጫ ክፍሎች ውስጥ ይጠናቀቃል። ተክል ሁለቱም አለው፤ ይህን ከያዝክ ሌላው ይቀላል።

ከዚህ ሒሳብ የሚከተል አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ የተክል ክብደት በአብዛኛው የሚመጣው ከአየርና ከውሃ እንጂ ከአፈር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1648 የታተመው የሳይንቲስቱ የቫን ሄልሞንት ሙከራ ይህን በሚዛን አሳይቷል። 90 ኪሎ ገደማ ደረቅ አፈር ውስጥ የተተከለች 2.3 ኪሎ የምትመዝን ችግኝ ከ5 ዓመት በኋላ 77 ኪሎ ስትሆን፣ ከአፈሩ የጎደለው 57 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። እሱ ክብደቱ በሙሉ ከውሃው የመጣ መስሎት ነበር፤ የአየሩ ድርሻ የታወቀው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ «የተክል ምግብ» ሲባል ተጠንቀቅ። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለህዋሱ መሣሪያ መሥሪያ ያስፈልጋሉ፤ ጉልበት ግን አይሰጡም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። የፀሐይ ጉልበት ለምን በቀጥታ አይበቃም? ግሉኮስን እንደ ባለ 200 ብር ኖት ቁጠረው። ታክሲ ውስጥ ለረዳቱ ብትሰጠው ዝርዝር የለኝም ይልሃል። ህዋስም ለእያንዳንዷ ትንሽ ሥራ፣ ፕሮቲን ለመገጣጠም፣ ማዕድን በሥር ወደ ውስጥ ለመሳብ፣ የሚከፍለው በዝርዝር ነው። ያ ዝርዝር ኤቲፒ ይባላል። ከአንድ ግሉኮስ፣ ኦክስጅን ካለ፣ ከ30 እስከ 32 ኤቲፒ ይገኛል። በዚህ ስሌት ከጉልበቱ ሲሶ ገደማው ለሥራ ሲውል የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ክሎሮፕላስት ራሱ በብርሃን ኤቲፒ ይሠራል፤ ነገር ግን በአብዛኛው እዚያው ስኳር ለመሥራት ይጨርሰዋል፤ ወደ ሥር አይልከውም። ሥሩ ጨለማ ውስጥ ነው። ከቅጠል የሚወርድለት ስኳር ብቻ ነው፤ እሱን መዘርዘር ያለበት ራሱ ነው፤ ለመዘርዘር ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል።

በመረሬ አፈር ላይ ክረምት የሚዘራ ስንዴ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዝናቡ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ያስወጣና ቦታውን ይይዛል፤ ኦክስጅን ደግሞ በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው የሚጓዘው። ሥሩ ይታፈናል፤ ጉልበት ሲያጣ ናይትሮጅን መሳብ ያቆማል፤ ቅጠሉ ይገረጣል። ገበሬው ማዳበሪያ ያነሰው መስሎት ዩሪያ ቢጨምርበት ብዙ አይረዳውም። የሚያስፈልገው ፈሰስ ማውጣት፣ ወይም መደቡን ከፍ አድርጎ መዝራት ነው። ውሃ በዝቶባት ጠውልጋ ስትታይ ሌላ ውሃ የሚጨመርባት የቆርቆሮ አበባም የምትሞተው እንደዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ስዊድን ነው። አገር ቤት ሳለሁ የማይከሽፍብኝ እንጀራ እዚህ ዓይን አላወጣ አለኝ። ክረምት ላይማ ጭራሽ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ጤፉም እርሾውም ያው ነው። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሙቀቱን ይጠርጥሩ። ሊጡ ውስጥ ያሉት የእርሾ ህዋሶችና ባክቴሪያዎች ልክ እንደ እኛ ስኳር ይበላሉ፤ ነገር ግን በወፍራም ሊጥ ውስጥ ኦክስጅኑ በፍጥነት ስለሚያልቅ ያለ ኦክስጅን መሥራት ይጀምራሉ። መብላላት ማለት ይኸው ነው። በዚህ መንገድ ከአንድ ግሉኮስ የሚያገኙት 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። ከላይ ለተማሪው ከጻፍነው 30 ጋር ያስተያዩት፤ ያንኑ ያህል ጉልበት ለማግኘት 15 እጥፍ ስኳር ማብላላት አለባቸው። እንጀራውን የሚጠቅመው ይህ «ብክነት» ነው፦ እርሾው ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ኮምጣጣውን አሲድ ይሠራሉ። ዓይኑ ጋዙ ወጥቶ የሄደበት ቀዳዳ ነው።

ይህ ሥራ የሚካሄደው በኢንዛይሞች፣ ማለትም የህዋስን ሥራ በሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ ስለሆነ ከሙቀት ጋር ይፈጥናል፣ ከቅዝቃዜ ጋር ይንቀራፈፋል። 10 ዲግሪ ሲወርድ ፍጥነቱ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በ28 ዲግሪ ሁለት ቀን ተኩል የሚፈጅ ሊጥ 18 ዲግሪ በሆነ ማዕድ ቤት አምስት ቀን ሊፈልግ ይችላል ማለት ነው። እርስዎ ቀኑን ቆጥረው ሲጋግሩ ሊጡ ገና አልደረሰም። በቀን ሳይሆን በሊጡ ይፍረዱ፦ አረፋ አውጥቶ፣ ሽታው ኮምጥጦ፣ ውሃው ላዩ ላይ ሲጠል ደርሷል።

መጠኑ ይህን ይመስላል። ለ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ውሃ፣ እርሾ 160 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል። ሊጡን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ቦታ ያኑሩት። ያልበራ ምድጃ ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርቶ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሞቃት ራዲያተር ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ግን አንዱን ጎን ያበስለዋል። ሲደርስ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ይድፉ፤ ለሚቀጥለው እርሾ የሚሆን ያስቀሩ።

አብሲቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሊጡ አንድ አሥረኛ ያህሉን ይውሰዱና በሦስት እጥፍ ውሃ እያማሰሉ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ያፍሉት። ሙቀቱ ስታርቹን ስለሚያሳብጠው ይወፍራል። ሁለት ጥቅም አለው፦ ለእርሾው በቀላሉ የሚፈታ ምግብ ይሆናል፤ ሊጡንም ስለሚያጣብቀው ጋዙ ሾልኮ ከመውጣት ይታገዳል። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን ስለሌለው ይህ ማጣበቂያ የግድ ያስፈልገዋል። ነገር ግን አብሲቱን እንደፈላ ከጨመሩት እርሾውን ይገድሉታል፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ብዙ አይኖርም። ጣት ሲነከርበት ሞቅ ብሎ የማያቃጥል፣ 45 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይቀላቅሉ። ከዚያ ኩፍ እስኪል ይጠብቁ፤ እንደ ክፍሉ ሙቀት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ኩፍ ብሎ ተመልሶ ከወረደ ጋዙ አምልጧል፤ ትንሽ ዱቄት ጨምረው እንደገና እንዲነሣ ይተዉት።

ሊጡ ልክ ሆኖ እንኳ ምጣዱ በደንብ ካልጋለ ጋዙ ስታርቹ ሳይረጋ ያመልጥና እንጀራው ልሙጥ ይሆናል። ክዳኑንም ዓይን ሳያወጣ ቶሎ አይክደኑበት።

ጥያቄ፦ ምሥራቅ ሐረርጌ ነን። ማሽላ በጉድጓድ እናስቀምጣለን። አንዳንዱ ዓመት ስንከፍተው እህሉ ሞቆ፣ ሻግቶ እናገኘዋለን፤ አንዳንዱ ዓመት ደህና ነው። ጉድጓድ ገብቶ ሰው የሚሞተውስ በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ የእህሉ ትንፈሳ። የማሽላ ፍሬ የሞተ ነገር አይደለም፤ ቢዘራ የሚበቅል ሕያው ነው፣ ይተነፍሳል። ደረቅ ሲሆን ትንፈሳው እጅግ ቀስ ይላል፤ እርጥበቱ ሲጨምር ይፈጥናል፣ ሻጋታና ነቀዝም ይጨመሩበታል። እነሱም ይተነፍሳሉ።

ከአንድ ኩንታል ውስጥ 1 ኪሎው ብቻ በትንፈሳ ተቃጠለ እንበል። ከዚያ 600 ግራም ገደማ ውሃ ይወጣል፤ ይህ ውሃ ሌላውን እህል ያረጥባል። 16,000 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀትም ይወጣል፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ባያገኝ ኩንታሉን ከ80 ዲግሪ በላይ ሊያሞቀው የሚችል ነው። በተጨባጭ ከፊሉ ወደ አፈሩ ይሄዳል፤ የተረፈው ግን እጅ ሲገባበት የሚያቃጥል እህል ለማድረግ ይበቃል። ውሃው ትንፈሳን ያፈጥናል፣ ትንፈሳው ውሃ ይጨምራል፤ አንዴ ከተነሣ በራሱ የሚባባስ ነገር ነው። ከ800 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከዚሁ 1 ኪሎ ይወጣል።

ደህና በሆነው ዓመትስ? ጉድጓዱ በደንብ ታሽጎ ነበር ማለት ነው። በአንድ ኩንታል ማሽላ ፍሬዎች መካከል ያለው አየር 50 ሊትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ኦክስጅኑ 10 ሊትር ቢሆን ነው። ይህ የሚያስቃጥለው 13 ግራም ያህል እህል ብቻ ነው። አዲስ አየር ካልገባ ትንፈሳው እዚያው ላይ ይታፈናል፤ ነቀዙም ይሞታል። አባቶች ጉድጓዱን በጭድ ለብጠው፣ አፉን በእበትና በጭቃ ደፍነው የሚያስቀምጡት ይህን የሚያሳካ ብልሃት ነው። የሚያበላሸው በስንጥቅ የሚገባ አየርና ከግድግዳው የሚመጣ የአፈር እርጥበት ነው። ሻጋታው ከግድግዳው ጥግና ከአፉ አካባቢ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ከጭዱ በስተጀርባ ወፍራም ፕላስቲክ ማልበስ ብዙ ያድናል።

ከሁሉ በላይ ግን እህሉ ሲገባ ደረቅ መሆን አለበት፤ 13 ከመቶ እርጥበት ወይም ከዚያ በታች። መለኪያ ከሌለ በጨው ይፈትኑት። ንጹህና ፍጹም ደረቅ የሆነ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን እህል ይሙሉ፣ በፀሐይ የደረቀ ጨው ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ፣ ዘግተው አንድ ደቂቃ ይወዝውዙና 15 ደቂቃ ይተዉት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 ከመቶ ይበልጣል፤ እህሉ ወደ አውድማው ይመለስ። ካልተለጠፈ ከ15 በታች ነው፤ 13 እንዲደርስ አንድ ሁለት ቀን ተጨማሪ ፀሐይ መስጠት አይጎዳም። ባለ ሦስት ንብርብር አየር የማያስገባ ከረጢት የምትጠቀሙም ይህንኑ አድርጉ። ከረጢቱ ነቀዝ ይገድላል እንጂ እህል አያደርቅም፤ እርጥብ እህል ታሽጎ ሲቀመጥ ያለ ኦክስጅን ይብላላና ይኮመጥጣል። የሻገተውን ደግሞ አጥቦ፣ ቆልቶ መብላት መፍትሔ አይደለም፤ አንዳንዱ ሻጋታ የሚያፈራው መርዝ በማብሰል አይጠፋም።

ስለ ሞቱ፦ ከላይ እንዳልነው በታሸገ ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅኑ አልቆ በቦታው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፤ ከአየሩ 20 ከመቶ ገደማ ሊደርስ ይችላል። 10 ከመቶ እንኳ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን እንዲስት ያደርጋል። ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ አፉ ተከፍቶም ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ቀለምም ሽታም የለውም። ኩራዝ ወይም ሻማ አውርዶ መሞከር የተለመደ ነው፤ ከጠፋ በእርግጥ አይገባም። ነገር ግን ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅኑ 16 ወይም 17 ከመቶ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 4 ወይም 5 ከመቶ ደርሷል፤ ይህ ደግሞ ራስ የሚያዞር፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር መጠን ነው። ስለዚህ ሻማው በራ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ጉድጓዱን ከፍታችሁ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ አስራችሁ ደጋግማችሁ እያወረዳችሁ እያወጣችሁ አየሩን በጥብጡት። የሚገባው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰር፣ ከላይ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ይያዙት። ከወደቀ በገመዱ ይጎተታል እንጂ ማንም ተከትሎት አይግባ። ብዙ ጊዜ ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው የሚሞተው ሊያድን የገባው ስለሚጨመር ነው። ከፍታችሁ ትንሽ አውጥታችሁ መልሳችሁ ከደፈናችሁትም በሚቀጥለው ጊዜ እንደ አዲስ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ አበባ በቆርቆሮ መኝታ ክፍል ውስጥ ማሳደር ኦክስጅን ስለሚወስድ አደገኛ ነው ይባላል። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አደጋ የለውም። የተኛ ሰው በደቂቃ ሩብ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይጠቀማል፤ በ8 ሰዓት 120 ሊትር። ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ቅጠል ያለው የቤት አበባ በዚያው ሌሊት የሚወስደው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሦስት በአራት ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ ወደ 7,000 ሊትር ኦክስጅን አለ። በአበባው ከሚጨነቁ አብሮዎት የሚተኛው ሰው ከ200 አበባ በላይ ይተነፍሳል። የሚገድለው ከሰል ነው። ያልጠፋ ፍም ባለበት በተዘጋ ክፍል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል፤ ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ጠብቆ ይያዝና ኦክስጅኑ ወደ ህዋሶች እንዳይደርስ ያደርጋል። ሰውየው እየተነፈሰ ህዋሶቹ ይታፈናሉ። ቡና ከተፈላ በኋላ ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ ያውጡት፤ አመድ ማልበስ አይበቃም።

ጥያቄ፦ በቆሎና ማሽላ ቆላ ላይ ሙቀቱን ችለው ሲያፈሩ ስንዴ ለምን አይችልም? ጤፍስ ከየትኛው ወገን ነው?

መልስ፦ ጤፍ ከበቆሎ ወገን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ወደ ስኳር የሚያስገባው ኢንዛይም ሩቢስኮ ይባላል፤ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። አንዳንድ ጊዜ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን ይይዛል፤ ያኔ ተክሉ ስኳር መሥራቱ ቀርቶ የሠራውን ያፈርሳል። ሙቀት ሲጨምር ስህተቱ ይበዛል፤ ቅጠሉም ውሃ ለመቆጠብ ቀዳዳዎቹን ሲዘጋ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያነሰ ይሄዳል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ቡናና እንሰት በዚህ ይጎዳሉ።

በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ዳጉሳና ጤፍ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጀመሪያ በሌላ ኢንዛይም ይይዙና በቅጠሉ ደም ሥሮች ዙሪያ ባሉ ህዋሶች ውስጥ ያጭቁታል። ሩቢስኮ እዚያ የሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተትረፈረፈ ስለሆነ ብዙም አይሳሳትም። ይህ ሥራ ተጨማሪ ኤቲፒ ያስወጣል። ጠራራ ፀሐይና ሙቀት ባለበት ወጪው ያዋጣል፤ ብርድና ደመና በበዛበት ውርጭ አያዋጣም፤ ገብስ ደጋውን የያዘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌሊቱንም አይርሱ። የተክል ትንፈሳ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግምት እጥፍ ይሆናል። ቀን የተሠራው ስኳር በሞቃት ሌሊት ሲቃጠል ያድራል፤ በደጋው ቀዝቃዛ ሌሊት ግን ወደ ፍሬው ይገባል። ስንዴ ቆላ ላይ ቶሎ ደርሶ ፍሬው ከሲታ የሚሆነው ከዚህም የተነሣ ነው። ቁልቋልና እሬት ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። ቀዳዳቸውን የሚከፍቱት ማታ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በአሲድ መልክ አጠራቅመው ቀን ቀዳዳቸውን ዘግተው ስኳር ይሠሩበታል። ውሃ ሳያባክኑ በረሃውን የሚችሉት በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እምቦጭ አረንጓዴ ተክል ነው፤ ኦክስጅን ያመነጫል። ታዲያ ጣና ላይ ዓሣውን ለምን ያፍናል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኦክስጅኑን የሚለቀው ወደ አየር እንጂ ወደ ውሃው ስላልሆነ ነው። ቅጠሉ ከውሃው በላይ ነው። ምንጣፍ ሆኖ ሲሸፍነው ደግሞ ብርሃን ወደ ታች አይገባም፤ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን የሚሠሩት ደቃቅ አልጌዎች ሥራ ያቆማሉ፤ ትንፈሳው ግን አይቆምም። ነፋስ ውሃውን እያናወጠ የሚያስገባው አየርም ይቀንሳል።

ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃው ቢጠግብ እንኳ በሊትር የሚይዘው ኦክስጅን 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አሁን እምቦጩ ሞቶ ሲሰምጥ አስቡት። ከአንድ ቶን እርጥብ እምቦጭ 50 ኪሎው ደረቅ ነገር ቢሆን፣ ባክቴሪያዎች ያንን በትንፈሳ ለመጨረስ ከ50 ኪሎ በላይ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ይህ 8,000 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ውስጥ ያለ ኦክስጅን በሙሉ ነው። አምባዛ አየር ከላይ መሳብ ስለሚችል ይቋቋማል፤ ሌሎቹ ዓሦች ይሸሻሉ ወይም ይሞታሉ። ስለዚህ የተነቀለ እምቦጭ ማዕበልና ጎርፍ መልሶ በሚወስድበት ዳር ላይ አይከመር፤ በኬሚካል ገድሎ ውሃው ውስጥ መተውም ችግሩን ወደ ታች ማውረድ ነው። ራቅ አድርጎ ማድረቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ቅጠል ላይ ስታርች የመፈተሹን ሙከራ ስንሠራ ብዙ ጊዜ ሁሉም ቅጠል ይጠቁራል፤ የተሸፈነውም ያልተሸፈነውም። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይታይም። (ከወልድያ)

መልስ፦ መምህር፣ ሁሉም የሚጠቁረው ተክሉ የትናንቱን ስታርች ይዞ ስለሚመጣ ነው። ከሙከራው በፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ፍጹም ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ፤ በትንፈሳ ያጠራቀመውን ይጨርሳል። ካርቶን ቢከደንበት ይበቃል፣ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ግን አይኑረው። ከዚያ አንዱን ቅጠል ከሁለቱም ወገን በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍነው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ያውጡት። በአንድ ወገን ብቻ መሸፈን የተለመደ ስህተት ነው፤ ከሥር የሚንፀባረቀው ብርሃን ይበቃዋል።

ቅጠሉን ቆርጠው በፈላ ውሃ አንድ ደቂቃ ይንከሩት፤ ይህ ህዋሱን ገድሎ ግድግዳውን ያላላል። ቀጥሎ በአልኮል ውስጥ አድርገው ክሎሮፊሉ (አረንጓዴው ቀለም) እስኪወጣና ቅጠሉ እስኪነጣ በሙቅ ውሃ ዕቃ ውስጥ ያቆዩት። እሳቱን በቅድሚያ ያጥፉ፤ የአልኮል እንፋሎት ከነበልባል ጋር መገናኘት የለበትም። ተማሪ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ኢታኖሉ 90 ከመቶ ወይም በላይ ይሁን፤ አረቄ ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ ክሎሮፊሉን በደንብ አያሟሟም። ከአልኮሉ ሲወጣ ቅጠሉ ስለሚደርቅና ስለሚሰበር ለብ ባለ ውሃ ያለስልሱት፤ ከዚያ ነጭ ሰሃን ላይ ዘርግተው የአዮዲን ጠብታ ያፍስሱበት። ብርሃን ያገኘው ክፍል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ የተሸፈነው የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም ይዞ ይቀራል።

ምንም የማይታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቅጠሉ ምርጫ ስህተት ነው። ሽንኩርት ስታርች አያጠራቅምም፤ በስኳር መልክ ነው የሚያስቀምጠው። ሰም የለበሰ ወፍራም ቅጠልም አዮዲን አያሳልፍም። የአደንጓሬ ወይም የባቄላ ለጋ ቅጠል ጥሩ ነው፤ ስስ ነው፣ ቶሎ ይነጣል። አዮዲኑንም አስቀድመው የተቀቀለ ድንች ላይ ይሞክሩት፤ ድንቹ ካልጠቆረ ያረጀው አዮዲኑ ነው።